ማልደው ይሂዱ ወይስ በስለው? የአሜሪካ ታዳጊ ኳስ ተጫዋቾች የባሕር ማዶ መንገድ

የአሜሪካ እግር ኳስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያልተቋጨ ክርክር ይዞ ኖሯል። ተሰጥኦ ያለው የ15 ወይም የ16 ዓመት ልጅ ሲገኝ የት ይደግ? ወደ አውሮፓ ተሻግሮ ከእኩዮቹ ጋር ለቦታ እየታገለ ይብሰል፣ ወይስ አገር ቤት ቆይቶ ከትልልቅ ሰዎች ጋር እየተጫወተ ሲጠነክር ይሂድ? ጥያቄው ለወላጅ የኑሮ፣ ለክለብ የገንዘብ፣ ለብሔራዊ ቡድን ደግሞ የውጤት ጉዳይ ነው። ሦስቱ ወገኖች በአንድ ጊዜ ስለሚናገሩ ክርክሩ በቀላሉ ይደበላለቃል። የአንዱ ትርፍ ለሌላው ኪሳራ የሚሆንበት ጊዜም ብዙ ነው።

ከዚህ በታች የጉዳዩን አመጣጥ፣ ዋና ዋናዎቹን አቋሞችና እያንዳንዱ አቋም የቆመበትን ማስረጃ እንመለከታለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አስቀድሜ የራሴን አመለካከት ልግለጽ። "መቼ ይሂድ?" የሚለው ጥያቄ ከሚገባው በላይ ትኩረት አግኝቷል። "የሚሄድበት ክለብ ያሰልፈዋል ወይ?" እና "በሩ ከመጀመሪያው ለማን ተከፍቷል?" የሚሉት ግን ከሚገባቸው በታች ተነሥተዋል።

ከኮሌጅ ሜዳ የተነሡት

አሜሪካ ለ1990ው የጣልያን የዓለም ዋንጫ ያለፈችው ከአርባ ዓመት በኋላ ነበር። ቡድኑን የሞሉት በአብዛኛው ከዩኒቨርሲቲ ሜዳዎች የወጡ ወጣቶች ሲሆኑ አገሪቱ ያን ጊዜ አንደኛ ደረጃ የሚባል የፕሮፌሽናል ሊግ አልነበራትም። ሦስቱንም የምድብ ጨዋታዎች ተሸንፈው ተመለሱ። ከዚያ ቡድን ጆን ሃርክስ ወደ ሼፊልድ ዌንስደይ ሄዶ በ1991 የእንግሊዝን ሊግ ካፕ አነሣ፤ ፕሪሚየር ሊጉ በ1992 ሲጀመርም በውስጡ የተጫወተ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሆነ። ፖል ካሊጁሪ ደግሞ ከሃንዛ ሮስቶክ ጋር የምሥራቅ ጀርመንን የመጨረሻ የሊግ ዋንጫ ወሰደ። እነዚህ ግን ኮሌጅ ጨርሰው፣ አካላቸው ጠንቶ የሄዱ አዋቂዎች ነበሩ። አውሮፓ ቀጠረቻቸው እንጂ አላሳደገቻቸውም።

በታዳጊነቱ የሄደው ጆን ኦብራየን ነው። ካሊፎርኒያዊው አማካይ በ1994 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ እያለ የአያክስን አካዳሚ ተቀላቀለ፤ ከዋናው ቡድን ጋር የኔዘርላንድስን ሊግ አሸነፈ፤ በ2002ቱ የዓለም ዋንጫ በፖርቱጋል ላይ ግብ አስቆጠረ። ጉዳት ደጋግሞ ባይጥለው ኖሮ ዛሬ ስሙ ከክርስቲያን ፑሊሲክ በፊት በተጠራ ነበር። ስለ ፈር ቀዳጆች ሲወራ የሚዘነጋው ያለ አግባብ ነው።

ሜጀር ሊግ ሶከር በ1996 ውድድሩን ጀመረ። በ1999 ደግሞ የአገሪቱ ፌዴሬሽን ምርጥ ታዳጊዎችን በፍሎሪዳዋ ብራደንተን ከተማ ሰብስቦ እያኖረ ማሠልጠን ጀመረ። በዚያው ዓመት በኒውዚላንድ በተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና አሜሪካ አራተኛ ስትወጣ ላንደን ዶኖቫን የውድድሩ ኮከብ ተብሎ ተመረጠ፤ ዳማርከስ ቢዝሊ ሁለተኛ ሆነ። የእነዚህ ሁለት ልጆች መንገድ ወዲያው ተለያየ፤ ክርክሩም በትክክል የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ዶኖቫን ወደ ባየር ሌቨርኩሰን ሄደ። በዋናው ቡድን አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍ፣ የአገር ናፍቆት እያሠቃየው ቆየና በ2001 በውሰት ወደ ሳን ሆዜ ተመለሰ። እዚያ ዋንጫ አነሣ፤ በ2002ቱ የዓለም ዋንጫም የውድድሩ ምርጥ ወጣት ተጫዋች ተባለ። በ2005 ሌቨርኩሰንን ዳግም ሞክሮ ከጥቂት ጨዋታዎች በኋላ ለቆ ወጣ። በስተመጨረሻ 57 ግቦችን ለብሔራዊ ቡድኑ አስቆጥሮ ከክሊንት ዴምፕሲ ጋር ክብረ ወሰኑን ተጋራ። ቢዝሊ በአንጻሩ ቺካጎ ቆይቶ በ2004 በ22 ዓመቱ ወደ ፒ ኤስ ቪ አይንድሆቨን ተሻገረና በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ተጫወተ። አንዱ ወገን ከዚህ ታሪክ "ቶሎ መሄድ ይጎዳል" የሚል ትምህርት ይቀስማል። ሌላው ደግሞ "ዶኖቫን ቢታገሥ ኖሮ የት በደረሰ!" ይላል። ከሁለቱም የሚበልጠው ሦስተኛ ንባብ ይመስለኛል፤ ያን ጊዜ ለሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ይፎካከር የነበረው ሌቨርኩሰን የ17 ዓመት አሜሪካዊ አጥቂን በዋናው ቡድኑ የሚፈልግበት ምክንያት አልነበረውም።

የፍሬዲ አዱ ታሪክ ሁለቱንም ወገኖች ያሳፍራል። በ2004 በ14 ዓመቱ በዲሲ ዩናይትድ ማሊያ ወደ ሜዳ ገባ፤ አገር ቤት፣ ከአዋቂዎች ጋር፣ የመሰለፍ ዕድል አግኝቶ ማለት ነው። በ2007 ወደ ቤንፊካ ሲሄድም 18 ዓመት ሞልቶት ነበር። በሁለቱም መንገድ ተሞክሮ ተስፋው አልተፈጸመም። የማስታወቂያው ውርጅብኝ ከችሎታው ቀድሞት መሄዱ ለዚህ ትልቅ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም።

ጀርመናዊው የርገን ክሊንስማን በ2011 ብሔራዊ ቡድኑን ሲረከብ ክርክሩ ከባለሙያዎች ጠረጴዛ ወደ አደባባይ ወጣ። ተጫዋቾቹ በአውሮፓ ከፍተኛ ደረጃ ራሳቸውን እንዲፈትኑ ይወተውት ነበር። ዴምፕሲ በ2013 ወደ ሲያትል፣ ማይክል ብራድሊ በ2014 ወደ ቶሮንቶ ሲመለሱ ቅሬታውን አልደበቀም። የሊጉ ኮሚሽነር ዶን ጋርበር በዚያው ዓመት ንግግሩ ሊጉን የሚጎዳ ነው ብለው በይፋ ተቃወሙት። ብሔራዊ ቡድኑና የአገሪቱ ሊግ የሚፈልጉት አንድ እንዳልሆነ ያን ጊዜ በግልጽ ታየ።

የፓስፖርቱ በር

ስለ ዕድሜና ስለ ብስለት ከማውራት በፊት መነሣት ያለበት ሕግ አለ። የፊፋ የተጫዋቾች ዝውውር ደንብ አንቀጽ 19 ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአገር ወደ አገር እንዳይዛወር ይከለክላል። ክልከላው ሕፃናትን ከደላሎች ለመጠበቅ የወጣ ነው፤ ከአፍሪካና ከደቡብ አሜሪካ ተወስደው በአውሮፓ ጎዳና የተጣሉ ልጆችን ለሚያስታውስ ሰው የሕጉ አስፈላጊነት አያጠያይቅም። ዋና ዋናዎቹ የቆዩ ልዩ ሁኔታዎች ሦስት ናቸው፦ ወላጆች ከእግር ኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት አገር ሲለውጡ፣ ዝውውሩ በአውሮፓ ኅብረትና በአጋሮቹ ክልል ውስጥ ሆኖ ልጁ 16 ዓመት ሲሞላው፣ እንዲሁም ልጁና ክለቡ ከድንበር በ50 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ሲገኙ። በሁለተኛው ላይ በተሰጠው ትርጓሜ የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት የያዘ ልጅ ከአሜሪካም ቢነሣ ተጠቃሚ መሆን ችሏል።

የዚህ ውጤት ቀላል አይደለም። ክርስቲያን ፑሊሲክ በፔንሲልቬኒያዋ ኸርሺ ተወልዶ በ16 ዓመቱ ወደ ቦሩሲያ ዶርትሙንድ የሄደው አያቱ ክሮኤሺያዊ ስለነበሩና የክሮኤሺያ ፓስፖርት ስላገኘ ነው። ያ ፓስፖርት ሁለት ዓመት እንዳተረፈለት ራሱ በይፋ ተናግሯል። ጂዮ ሬይና በ2019 በ16 ዓመቱ እዚያው ዶርትሙንድ የገባው በፖርቱጋል ፓስፖርት ነው። የሚዙሪው ጆሽ ሳርጀንት ግን እንዲህ ያለ አያት ስላልነበረው ቨርደር ብሬመንን ለመቀላቀል በ2018 18 ዓመት እስኪሞላው መጠበቅ ነበረበት። እኩል ተሰጥኦ ያላቸው ሁለት ልጆች፣ አንዱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ይጀምራል፤ ልዩነቱ ግን የአያት አገር ነው።

በዚህ በር ካለፉት መካከል የእኛን አንባቢ በቅርብ የሚመለከተው ጌዲዮን ዘላለም ነው። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በ1997 በርሊን ተወለደ፤ በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ተሻግሮ በሜሪላንድ የታዳጊ ክለቦች አደገ፤ በ2013 በ16 ዓመቱ በጀርመን ፓስፖርቱ ለአርሰናል ፈረመ። አርሴን ቬንገር አሠልጣኝ ሆነው ከተሾሙ በኋላ ተወልዶ በእርሳቸው ሥር ለዋናው ቡድን የተጫወተ የመጀመሪያው ልጅ ሆነ። የኳስ አቀባበሉና አሻግሮ የማየት ችሎታው አድናቆት አተረፈለት። ለጀርመን ታዳጊ ቡድኖች ተጫውቶ ነበር፤ ፊፋ በ2015 ለአሜሪካ እንዲሰለፍ ፈቀደለት። በመካከሉ የእኛም ደጋፊዎች ለዋልያዎቹ ይመጣ ይሆን ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ከዚያ በግላስጎው ሬንጀርስ በውሰት ቆየ፤ በ2017ቱ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ በደረሰበት ከባድ የጉልበት ጉዳት ወሳኝ ጊዜውን አጣ፤ በ2019 ወደ አሜሪካ ሊግ ተመለሰ። ታላቅ ክለብ፣ ታላቅ አሠልጣኝ፣ ማልዶ መሄድ፣ ሁሉም ተሟልቶለት ነበር። በአርሰናል ማሊያ ያገኘው የፉክክር ጨዋታ ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

እዚህ ላይ ስለ አገራችንም ጥቂት ማለት ተገቢ ነው። አሜሪካ በጥምር ዜግነት ተጠቅማ ከበርሊን፣ ከለንደንና ከአምስተርዳም ተጫዋች ትሰበስባለች። የእኛ የዜግነት ሕግ ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም። የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያም በብሔራዊ ቡድን ለመሰለፍ አያበቃም፤ ፊፋ የሚጠይቀው ዜግነትን ነውና። በውጭ የሚያድጉ ልጆቻችን የሌላ አገር ማሊያ ሲለብሱ ምርጫው የልጆቹ ብቻ እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል።

የሕጉ ሌላው ፊት ቤን ሌደርማን ላይ ታየ። ከካሊፎርኒያ ከቤተሰቡ ጋር ተነሥቶ በ2011 የባርሴሎናን አካዳሚ ላ ማሲያን የተቀላቀለ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ነበር። ፊፋ በ2014 ባርሴሎናን ስለ ታዳጊዎች ዝውውር ሲቀጣ ልጁ በይፋዊ ጨዋታ እንዳይሰለፍ ታገደ። ኋላ የፖላንድ ዜግነት አግኝቶ ከራኩፍ ቼስቶሆቫ ጋር በ2023 የፖላንድን ሊግ አሸነፈ፤ ለእድገቱ ወሳኝ የነበሩት ዓመታት ግን አይመለሱም። ልጅን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ወላጆቹ አብረውት የሚኖሩትን ልጅ ከሜዳ ማገዱ እስካሁን ጥሩ መልስ ያላገኘ ቅሬታ ነው። የድንበሩ ልዩ ሁኔታ ደግሞ የቲዋናውን ክለብ ሾሎስን ጠቅሟል፤ ከሳን ዲዬጎ በኩል የሚሻገሩ ልጆችን ሲያሠለጥን ኖሯል። ስለ "ባሕር ማዶ" ስናወራ ሜክሲኮን መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው።

እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች ወዲህ፣ ማለትም ከ2021 መግቢያ ጀምሮ፣ የእንግሊዝ ክለቦች ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከውጭ ማስፈረም አይችሉም። ጌዲዮን የሄደበት መንገድ ዛሬ ዝግ ነው። የታዳጊዎቹ ፍሰት ይበልጡን ወደ ጀርመን፣ ኔዘርላንድስ፣ ኦስትሪያና ቤልጅየም ማዘንበሉ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ጀርመን በተለይ ከኅብረቱ ውጭ ለሚመጡ ተጫዋቾች የቁጥር ገደብ የላትም። ኔዘርላንድስ ደግሞ ለእነዚህ ተጫዋቾች ከፍ ያለ ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲከፈል ስለምታስገድድ ያልተፈተነ ልጅ ለክለቡ ውድ ይሆናል።

ሦስቱ ዓይነት ተጫዋቾች

በ2022ቱ የኳታር የዓለም ዋንጫ ከአሜሪካ 26 ተጫዋቾች 17ቱ ከአገር ውጭ ይጫወቱ ነበር። ይህ ቁጥር "አውሮፓ አሳደገችልን" ለሚሉ ሰዎች ዋና ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ነገር ግን በውስጡ ጨርሶ የማይመሳሰሉ ሰዎች አሉ።

የመጀመሪያዎቹ በአሜሪካ የታዳጊ ክለቦች አድገው፣ ፕሮፌሽናል ጨዋታ ሳይጫወቱ በታዳጊነት የሄዱት ናቸው፤ ፑሊሲክ፣ ሬይና፣ የዳላስን ውልና የኮሌጅ ዕድልን ትቶ በ2016 ሻልከን የመረጠው ዌስተን ማኬኒ። ሁለተኛዎቹ በአገር ቤት ሊግ ከአዋቂዎች ጋር ተጫውተው የተሸጡት ናቸው፤ ታይለር አዳምስና ብሬንደን አሮንሰን። ሦስተኛዎቹ አሜሪካዊነታቸው የዜግነት ሲሆን ኳስን የተማሩት ከመጀመሪያው በውጭ ነው፤ በአልሜሬ የተወለደው ሰርጂኞ ዴስት፣ በሚልተን ኪንስ የተወለደው አንቶኒ ሮቢንሰን፣ ኒውዮርክ ተወልዶ በጣልያንና በእንግሊዝ ያደገው ዩኑስ ሙሳ። ፎላሪን ባሎጋን (ኒውዮርክ ተወልዶ ለንደን ያደገ፣ በ2022/23 በፈረንሳይ ሊግ ለሬምስ 21 ግብ ያስቆጠረ) እና ማሊክ ቲልማንም በኋላ የመጡ የዚሁ ወገን ናቸው። በ2014ቱ ቡድን ውስጥ ጀርመን ያደጉት አምስት ተጫዋቾች፣ አሜሪካዊ ወታደሮች የሆኑ አባቶች ልጆች፣ የዚህ ምድብ ቀዳሚዎች ነበሩ።

ሦስተኛው ምድብ ስለ አሜሪካ ታዳጊዎች የስደት ውሳኔ ምንም አያስረዳም። ዴስት አልተሰደደም፤ ለአያክስ የቤት ልጅ ነው። የእርሱን ስኬት ለ16 ዓመት የኦሃዮ ልጅ ወላጅ እንደ ማበረታቻ ማቅረብ ስሕተት ነው። ይህ ምድብ ከቁጥሩ ሲወጣ ማስረጃው በአንድ ጊዜ ይሳሳል፤ አብዛኛው ጽሑፍ ግን አያወጣውም።

"ቶሎ ይሂዱ" የሚሉት

የዚህ ወገን ክርክር በልምምድ ጥራት ይጀምራል። በዶርትሙንድ ወይም በአያክስ አካዳሚ ልጁ በየቀኑ የሚገጥመው ከእርሱ እኩል ወይም የተሻለ ተጫዋች ነው፤ አገር ቤት ግን ከዕድሜው ሁሉ የበላይ ሆኖ ሳይፈተን ያድጋል። ሁለተኛው ክርክር የፉክክሩ ዓይነት ነው። የአሜሪካ ሊግ መውረድ የለውም። ወራጅ ቀጠና ላይ ያለ ቡድን ውስጥ ኳስ ማበላሸት የሚያስከትለውን መዘዝ የሚያውቅ ልጅ ሌላ ዓይነት ጥንካሬ ይይዛል ይላሉ።

ማስረጃቸውም ጠንካራ ነው። ፑሊሲክ በ17 ዓመቱ ቡንደስሊጋ ላይ ግብ አስቆጠረ፤ ቼልሲ በ2019 በ64 ሚሊዮን ዩሮ ገዛው፤ በ2021 የሻምፒዮንስ ሊግን ዋንጫ አነሣ፤ ሚላን ከገባ በኋላም የቡድኑ ምሰሶ ሆነ። ሬይና በ17 ዓመቱ ቡንደስሊጋ ሲገባ የፑሊሲክን የዕድሜ ክብረ ወሰን ሰበረ። ማኬኒ ለጁቬንቱስ የተሰለፈ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሆነ። ክሪስ ሪቻርድስ በዳላስ ዋና ቡድን የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ በ2018 ባየርን ሙኒክ ገባ፤ ከክለቡ ሁለተኛ ቡድን ጋር የጀርመንን ሦስተኛ ሊግ አሸነፈ፤ በሆፈንሃይም በውሰት ተፈተነ፤ በ2025 ከክሪስታል ፓላስ ጋር የኤፍ ኤ ካፕን አነሣ። የሪቻርድስ መንገድ ብዙም አይወራለትም፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ይበልጥ ትምህርት ያለበት እርሱ ነው። ሁለተኛ ቡድን፣ ውሰት፣ መካከለኛ ክለብ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ የሚሰለፍበት ቦታ ነበረው።

"እዚሁ ይብሰሉ" የሚሉት

የዚህኛው ወገን ቃል "ደቂቃ" ነው። ታዳጊን የሚያሳድገው በአዋቂዎች ጨዋታ ሜዳ ላይ የሚያሳልፈው ደቂቃ ነው ይላሉ። የሊጉ ክለቦች ያሠለጠኗቸውን ልጆች በቀጥታ ወደ ዋናው ቡድን የሚያስገቡበት ደንብ በ2000ዎቹ መጨረሻ ከወጣ ወዲህ ዳላስና ፊላደልፊያ ይህን መንገድ አስፍተውታል። አዳምስ በኒውዮርክ ሬድ ቡልስ ሁለት ሙሉ የውድድር ዘመን በቋሚነት ተጫውቶ በጥር 2019 ላይፕዚሽ ገባ፤ በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ላይ በሊዝበን አትሌቲኮ ማድሪድን ከሻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ያስወጣችውን ግብ አስቆጠረ። አሮንሰን ከፊላደልፊያ ወደ ሳልዝቡርግ ሄዶ ወዲያው ዋንጫ አነሣ።

ለብሔራዊ ቡድኑም ቢሆን ይላሉ፣ ከ1930 ወዲህ የተሻለው ውጤት የ2002ቱ ሩብ ፍጻሜ ነው፤ ያን ጊዜ ወሳኝ ግቦችን ያስቆጠሩት ዶኖቫንና ብራያን ማክብራይድ የአገር ቤት ሊግ ተጫዋቾች ነበሩ። አውሮፓ ያደገው ትውልድ በ2022 በኔዘርላንድስ 3 ለ 1 ተሸንፎ በጥሎ ማለፉ መጀመሪያ ወጣ፤ በ2024ቱ ኮፓ አሜሪካ በገዛ ሜዳው ከምድቡ አላለፈም። በ2025ቱ ጎልድ ካፕ ደግሞ ፑሊሲክና ማኬኒ በሌሉበት፣ እንደ ዲዬጎ ሉና ያሉ የአገር ቤት ልጆች ቡድኑን ይዘው ለፍጻሜ ደርሰው በሜክሲኮ 2 ለ 1 ተሸነፉ።

ይህ የመጨረሻው ክርክር አያሳምነኝም። የ2002ቱ ቡድን ግብ ጠባቂ ብራድ ፍሪደል ከብላክበርን፣ አምበሉ ክላውዲዮ ሬይና ከሰንደርላንድ፣ አማካዩ ኦብራየን ከአያክስ የመጡ ነበሩ። በየአራት ዓመቱ በሚደረጉ ጥቂት ጨዋታዎች፣ በዕጣና በጉዳት በሚወሰን ውጤት፣ የአንድን ትውልድ አስተዳደግ መመዘን አይቻልም። አውሮፓን የሚያወድሱትም በዚያው ሚዛን ሲጠቀሙ ያው ስሕተት ይሠራሉ።

ማስረጃው የማያሳየው

ትልቁ ችግር የማናያቸው ልጆች ናቸው። ስለ ፑሊሲክ እናውቃለን፤ በጀርመንና በኔዘርላንድስ የወጣት ቡድኖች ሁለት ሦስት ዓመት ቆይተው በጸጥታ የተመለሱትን ማንም አይቆጥራቸውም። ኮንራድ ዴ ላ ፉዌንቴ ማያሚ ተወልዶ በአባቱ የቆንስላ ሥራ ምክንያት ባርሴሎና አደገ፤ በ2020 በሻምፒዮንስ ሊግ ለክለቡ ተሰለፈ፤ ማርሴይ ከሄደ በኋላ ግን ብርሃኑ ደበዘዘ። ጁሊያን ግሪን በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ቤልጅየም ላይ ግብ ያስቆጠረ የባየርን ልጅ ነበር፤ ከዚያ ግን በከፍተኛው ደረጃ ቦታውን አላጸናም። ያሸነፉትን ብቻ ቆጥሮ መንገዱን ማድነቅ ወላጅን ያሳስታል።

ሁለተኛው ችግር አንዱ ተጫዋች በሁለት ቦታ ሁለት ሰው መምሰሉ ነው። ሪካርዶ ፔፒ በጥር 2022 በ18 ዓመቱ ወደ አውግስቡርግ በ20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሸጥ በሊጉ ላደጉ ልጆች ክብረ ወሰን ነበር። ላለመውረድ በሚታገል ቡድን አንድም ግብ ሳያስቆጥር ቀረ። በቀጣዩ የውድድር ዘመን በውሰት በሄደበት ክሮኒንገን 12 የሊግ ግብ አስቆጥሮ ፒ ኤስ ቪ ገዛው። ዕድሜው፣ ዝግጅቱ፣ ችሎታው ያው ነው፤ የተለወጠው ክለቡ ነው። "ማልዶ ሄደ" ወይም "በስሎ ሄደ" የሚለው መለያ ይህን አይገልጽም።

ሦስተኛው የአካል ጉዳይ ነው። ሬይናም ሆነ ፑሊሲክ ገና በ17 ዓመታቸው ለከፍተኛው ደረጃ ጨዋታ ተጋልጠዋል፤ ሁለቱም በጡንቻ ጉዳት ተደጋግመው ተመተዋል፤ የሬይና እድገት በዚህ ምክንያት በእጅጉ ተጎትቷል። ያለ ዕድሜ የመጣ ጫና ነው ወይስ የግለሰብ ተፈጥሮ? በሁለት ሰው ታሪክ የሚወሰን አይደለም፤ ነገር ግን ታዳጊን ቶሎ ማሰለፍ ያለ ዋጋ የሚገኝ በረከት ተደርጎ መቅረቡ ያሳስበኛል።

ያሳደገው ምን ያገኛል?

በፊፋ ደንብ ተጫዋች በውሉ መካከል በዓለም አቀፍ ዝውውር ሲሸጥ ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከዚህ የተለየ የሥልጠና ካሳም አለ። የአሜሪካ ፌዴሬሽን ግን በአገሪቱ የፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ሥጋት ምክንያት ለረጅም ዓመታት ይህን ሥርዓት ተግባራዊ አላደረገም። ዲአንድሬ የድሊንን ያሳደገው የሲያትል አካባቢው ክሮስፋየር፣ ዴምፕሲን ያሳደገው ዳላስ ቴክሰንስ፣ ብራድሊን ያሳደገው ሶከርስ ድርሻችን ይሰጠን ብለው ለዓመታት ተሟግተዋል። ዳላስ ማኬኒን በነጻ ሲያጣ ኪሳራው ለሁሉም ታየ። ሊጉ በ2019 አቋሙን ለውጦ ካሳና ድርሻ እንደሚጠይቅ አስታወቀ፤ የተጫዋቾች ማኅበሩ ደግሞ ካሳው በልጆቹ አንገት ላይ የዋጋ መለያ ይሰቅላል፣ የመሄድ ነጻነታቸውን ያጠብባል ብሎ ተቃወመ።

ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔን የሚያስጨንቀው ግን ሦስተኛው ወገን ነው። በአብዛኛው የአሜሪካ የታዳጊ ክለብ ወላጅ በዓመት በሺህ የሚቆጠር ዶላር እየከፈለ ነው ልጁ የሚጫወተው። ካሳው ለክለቦቹ በሥርዓት ቢደርስ የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጅ፣ የስደተኛ ልጅ፣ ሳይከፍል የሚሠለጥንበት ዕድል በሰፋ ነበር። ስለ አውሮፓ የሚደረገው ክርክር ሁሉ መልማይ ዓይን ውስጥ ስለገባው ልጅ ነው፤ ክፍያው ከሜዳ ያስቀረውን ልጅ አያነሣም።

በሴቶቹ በኩል ሌላ ታሪክ

በሴቶች እግር ኳስ አቅጣጫው ተገልብጦ ነው የኖረው። በትምህርት ተቋማት የጾታ አድልዎን የከለከለው የ1972ቱ ሕግ ለሴቶች የኮሌጅ ስፖርት በር ከፈተ፤ አሜሪካም በዚያ ሥርዓት አራት የዓለም ዋንጫ አነሣች። አውሮፓ መሄድ አስፈላጊ አልነበረም። በ2012 ሊንዚ ሆራን የኖርዝ ካሮላይናን የነጻ ትምህርት ዕድል ትታ በ18 ዓመቷ ፓሪ ሳን ዠርሜንን ስትመርጥ እንደ ድፍረት ተቆጠረ።

ዛሬ ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን የቆሙት የዘር ሐረጋቸው ከእኛው አካባቢ በሚመዘዝ ሁለት ተጫዋቾች ነው። ናኦሚ ግርማ በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዳ፣ አባቷና የአካባቢው ኢትዮጵያውያን ባቋቋሙት የልጆች ቡድን ኳስ ጀምራ፣ በስታንፎርድ ተምራ፣ በሳን ዲዬጎ ዌቭ ጎልምሳ፣ የ2024ቱን የኦሊምፒክ ወርቅ አጥልቃ፣ በጥር 2025 ቼልሲ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ የከፈለባት የመጀመሪያዋ ሴት ተጫዋች ሆነች። ሊሊ ዮሐንስ በ2007 ቨርጂኒያ ተወልዳ በ2017 ከቤተሰቧ ጋር ኔዘርላንድስ ገባች፤ በአያክስ አድጋ በ16 ዓመቷ ሻምፒዮንስ ሊግ ተጫወተች፤ በ2024 ለአሜሪካ በመጀመሪያ ጨዋታዋ ግብ አስቆጠረች፤ ኔዘርላንድስም ትፈልጋት ስለነበር ወራት አስባ አሜሪካን መረጠች፤ በ2025 ሊዮን ወሰዳት። አንዷ አገር ቤት ጨርሳ ሄደች፤ ሌላዋ ሁሉን በውጭ ተማረች። ሁለቱም በአንድ ብሔራዊ ቡድን መሰለፋቸው "አንዱ መንገድ ብቻ" የሚለውን ክርክር ያዳክማል። ሁለቱም ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያሰልፋቸው አግኝተዋል።

ገና የሚፈተነው መንገድ

የቅርብ ጊዜው ሙከራ ሁለቱን አቋሞች በአንድ ውል ለማስታረቅ ይሞክራል። በ2009 የተወለደው ካቫን ሳሊቫን በ2024 ከፊላደልፊያ ዩኒየን ጋር ሲፈርም 18 ዓመት ሲሞላው ወደ ማንቸስተር ሲቲ እንደሚሄድ አብሮ ተስማማ። በዚያው ሐምሌ በ14 ዓመት ከ293 ቀኑ ሜዳ ገብቶ የአዱን ክብረ ወሰን ሰበረ። ልጁ የአገር ቤት ደቂቃ ያገኛል፤ ክለቡ ገንዘቡን ያገኛል፤ ገዢውም ሕጉን ሳይጥስ ቦታውን ይይዛል። ያልተመለሰው ጥያቄ ልጁ መስከረም 2027 ላይ 18 ሲሞላው የሚመጣው ነው። እንግሊዝ ለሥራ ፈቃድ የምትጠይቀው ነጥብ አለ፤ የሲቲ የአማካይ መስመር ደግሞ በዓለም ውድ ከሚባሉት ነው። ክለቡ በርካታ ወጣቶችን በውሰት እያዟዟረ እንደሚያቆይም ይታወቃል። ውሉ መቼ እንደሚሄድ ወስኗል። ማን እንደሚያሰልፈው የሚወስን አንቀጽ ግን በማንኛውም ክለብ ውል ውስጥ አይጻፍም።